ኤክስቼንጅ 2016ን ወደ አዲሱ ኤስኢ ማሳደግ፣ ከጥምቀት በፊት ይደርሳል?

የማራኪዋ አይቲ፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ ጎንደር ማራኪ አካባቢ ሰሊጥ ወደ ውጭ የሚልክ ድርጅት ውስጥ ነው ምሰራው፣ አይቲ ክፍሉ እኔና አንድ ልጅ ብቻ ነን። የኢሜይል ሰርቨራችን የማይክሮሶፍቱ ኤክስቼንጅ 2016 ነው፣ እሱም ዊንዶውስ ሰርቨር 2012 አር2 ላይ ነው የተጫነው፣ ሲዩው (ጥቅል ማሻሻያው) 18 ላይ ቆሟል፣ ከኔ በፊት የነበሩት ከዛ በኋላ ምንም ፓች (የደህንነት መጠገኛ) አልጫኑበትም። ወደ 160 ሜይልቦክስ አለን፣ ዳታቤዙ ተደምሮ 700 ጊጋ ገደማ ይሆናል ምክንያቱም ኤክስፖርት ክፍሉ ከገዢ ጋር የተጻጻፈውንም፣ ስካን የተደረገ የጭነት ሰነዱንም ምኑንም እዛው ነው ሚያስቀምጠው። ደባርቅ፣ አይከልና መተማ ያሉት ቢሮዎች በቪፒኤን ነው ሚገቡት፣ የመተማው እንደውም ብዙ ጊዜ በሞባይል ዳታ ነው።

ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ላይ የኤክስቼንጅ 2016ንም የ2019ንም ድጋፍ ስላቆመ ወደ አዲሱ፣ ሰብስክሪፕሽን ኤዲሽን (ኤስኢ) ወደሚባለው ልንወስደው ነው። አዲስ ሰርቨር ተገዝቶ መጥቷል፣ ላይሰንሱም እየተጨረሰ ነው። አለቃችን «ከላዩ ላይ ጫኚበትና ቅዳሜና እሁድ ይለቅ፣ ጥምቀት ሳይደርስ ይጠናቀቅ» ነው የሚሉት። እኔ ደሞ አሁን ሽያጩ የሚሞቅበት ወቅት ስለሆነ አንድ ሙሉ ቀን ኢሜይል ቆሞ ገዢ መልስ ቢያጣ ምን ሊመጣ እንደሚችል እያሰብኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ከላዩ ላይ መጫን ይቻላል ወይ? ካልተቻለ ስንት ሰዓት ነው ሚቆመው? የቅርንጫፎቹ አውትሉክስ እንደገና ከዜሮ ሊያወርድ ነው? ያለፈበት ሰው ካለ እባካችሁ።


አዘዞ 33፦

እህቴ ከላዩ ላይ የሚባለውን ነገር እርሺው፣ አይቻልም። ከላዩ ላይ የሚቻለው 2019 ሲዩ14 ወይም ሲዩ15 ላለው ሰው ነው፣ ምክንያቱም ኤስኢ ሲወጣ (በኛ ሰኔ 2017 መጨረሻ ላይ ነው የወጣው) ውስጡ ከ2019 ሲዩ15 ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል፣ ስለዚ ለነሱ እንደ ተራ አፕዴት ነው ሚሄደው። ካንቺ 2016 ግን መንገዱ አዲስ ሰርቨር ከጎኑ ተክሎ ሰዉን ቀስ በቀስ ማዛወር ብቻ ነው። ደሞ ኤስኢ 2012 አር2 ላይ ጭራሽ አይጫንም፣ ዊንዶውስ ሰርቨር 2019፣ 2022 ወይ 2025 ነው ሚፈልገው።

ቅደም ተከተሉ ላይ መጀመሪያ አሮጌውን ሲዩ 23 ላይ ማድረስ አለብሽ፣ እሱ የ2016 የመጨረሻው ሲዩ ነው፣ ከሱ በታች ከሆነ አዲሱ አብሮት አይኖርም። ለሱ ዶትኔት 4.8 ያስፈልጋል፣ ካልተጫነ ሴትአፑ ራሱ ያስቆምሻል። የአክቲቭ ዳይሬክተሪው (የድርጅቱ የተጠቃሚና የኮምፒውተር መዝገብ) ፎረስት ደረጃም ቢያንስ 2012 አር2 መሆን አለበት፣ ብዙ ቦታ 2008 ላይ ቀርቶ ነው ምታገኚው። አዲሱ ሰርቨር ላይ ማይክሮሶፍት 128 ጊጋ ራም ነው ሚመክረው፣ ላንቺ 160 ሰው በዛ ባነሰም ይሄዳል ግን 16 ጊጋ ሰጥተሽው ለምን ተንቀረፈፈ እንዳትይ።

አሁን ብዙ ሰው የሚወድቅበትን ልንገርሽ። አዲሱን ኤክስቼንጅ ጭነሽ እንደጨረሽ፣ ገና አንድ ሰው እንኳን ሳታዛውሪ፣ ራሱ ሄዶ አክቲቭ ዳይሬክተሪ ውስጥ «ኦቶዲስከቨር (አውትሉክ ሰርቨሩን ራሱ የሚያገኝበት አገልግሎት) እኔ ጋ ነው» ብሎ ይመዘገባል፣ ሚመዘገበው ደሞ በውስጥ ስሙ ነው፣ ሰርተፊኬቱም ራሱ ለራሱ የፈረመው ነው። ምን ይሆናል፣ ሰኞ ጠዋት ሰው ቢሮ ገብቶ አውትሉክ ሲከፍት «የሰርተፊኬቱ ስም አይገጥምም» የሚል መስኮት ይወጣበታል፣ አንዱ አዎ ይላል አንዱ አይ ይላል፣ ያንቺ ስልክ ደሞ መጮህ ይጀምራል። ስለዚ መጫኑን ማታ አርጊው፣ ተጭኖ እንዳለቀ ወዲያው የኦቶዲስከቨሩን የውስጥ አድራሻ አሮጌው ወደሚጠቀምበት ስም ቀይሪው፣ ከዛ ሰርተፊኬቱን ከነ ግል ቁልፉ ከአሮጌው አውጥተሽ አዲሱ ላይ አስገቢውና ለአይአይኤስም (ለዌቡ) ለኤስኤምቲፒም (ለደብዳቤ መላላኪያው) መድቢው። ይሄን ሳትጨርሺ ወደ ቤትሽ እንዳትሄጂ።

ከዛ በኋላ ነው በዲኤንኤስም በፋየርዎልም ስሙን ወደ አዲሱ ምታዞሪው። አዲሱ ገና አሮጌው ላይ ያለውን ሰው ጥያቄ ራሱ ያስተላልፍለታል፣ ተጠቃሚው የቱ ሰርቨር ላይ እንዳለ አያውቀውም። ማዛወሩም ከጀርባ ነው ሚሄደው፣ ሰውየው እየጻፈ እየተቀበለ እያለ ይገለበጣል፣ መጨረሻ ላይ ለትንሽ ደቂቃ ብቻ ይቆለፋል። ስለዚ «ስንት ሰዓት ይቆማል» ላልሽው በደንብ ከተሰራ ቢሮው ጭራሽ ላያውቀው ይችላል። በመሀል አንድ ሌሊት ሙሉ ቢወድቅብሽ እንኳን ከውጭ የሚመጣው ደብዳቤ አይጠፋም፣ ላኪው ሰርቨር ወረፋ ይዞ ደጋግሞ ይሞክራል፣ ስታንዳርዱ ቢያንስ ከ4 እስከ 5 ቀን ሞክሩ ነው ሚለው። ይሄን ለአለቃሽ ንገሪያቸው፣ ይረጋጋሉ።


ከባሕር ዳር፦

አዘዞ 33 ጨርሶታል፣ እኔ የቅርንጫፎቹን ብቻ ልመልስ። በአንድ ድርጅት ውስጥ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ስታዛውሪ አውትሉክ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ፋይል እንደገና አያወርድም፣ «አስተዳዳሪው ለውጥ አድርጓል፣ አውትሉክን ዘግተህ ክፈት» የሚል መልእክት ነው ሚመጣለት፣ ዘግቶ ሲከፍት በቃ ይቀጥላል። ከዜሮ የሚወርደው አንዳንድ ሰው እንደሚያደርገው አዲስ ዶሜይን ከፍተሽ በፒኤስቲ አውጥተሽ ካስገባሽ ነው፣ ያኔ የመተማው ልጅ በሞባይል ዳታ 10 ጊጋ ሊያወርድ ነው ማለት ነው፣ ፓኬጁም አይበቃውም ስራም አይሰራም። «አሮጌው ቆሻሻ ስለሆነ ንጹህ አዲስ እንጀምር» የሚልሽ ሰው ካለ ይሄን ንገሪው።

አንድ ነገር ብቻ፣ ቅርንጫፍ ላይ አውትሉክ 2010 የቀረ ካለ አስቀድመሽ ለይው፣ ከአዲሱ ጋር አይሰራም።


ክላውድ ይሻላል፦

ለምን ራሳችሁን ታደክማላችሁ፣ ማይክሮሶፍት 365 (ክላውድ ላይ ያለው ኢሜይል) ግቡና ተገላገሉ። ሰርቨር የለ፣ መብራት ሄደ አልሄደ የለ፣ ፓች የለ። ግብረ ሰናይ ከሆናችሁ ደሞ ቢዝነስ ቤዚኩን እስከ 300 ሰው ድረስ በነጻ ይሰጣሉ።


የማራኪዋ አይቲ፦

አዘዞ 33 እና ከባሕር ዳር እግዜር ይስጥልኝ፣ ትልቅ ሸክም ነው ያወረዳችሁልኝ።

ክላውድ ይሻላል፣ ሀሳብህን በደንብ አይተነዋል። ግብረ ሰናይ አይደለንም፣ ንግድ ነን፣ በነጻ አይሰጡንም። በየወሩ በዶላር የሚከፈል ነገር ደሞ ብሩ በገበያ ከተተወ ጀምሮ ፋይናንስ ክፍሉ መስማት አይፈልግም። ዋናው ግን ኢንተርኔቱ ነው፣ ሲቆራረጥ ቢያንስ የውስጥ ኢሜይላችን ዋና መስሪያ ቤት ውስጥ ይሄዳል፣ ያ ለኛ ትልቅ ነገር ነው። የሰራተኛና የአርሶ አደር መረጃም ስላለ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321ን የሕግ አማካሪያችን እያዩት ነው። አንድ ቀን እንሄድ ይሆናል ግን አሁን አይደለም።


ጉዛራ፦

ልጄ፣ እኔ ይሄን ስራ ከኤክስቼንጅ 2003 ጀምሮ ነው የማውቀው፣ የጻፍሽውን ሳነብ ከማሳደጉ ይልቅ ያስደነገጠኝ «ሲዩ 18 ላይ ቆሟል» ያልሽው ነው፣ እንዴት ማንም እንዳላነሳው ገርሞኛል።

በፈረንጆቹ ማርች 2021 ላይ ፕሮክሲሎጎን የሚባለው ቀዳዳ ወጣ፣ ያለ ምንም ይለፍ ቃል ከኢንተርኔት ሆነው በፖርት 443 (ዌብሜይሉ በሚከፈትበት በር) በኩል ሰርቨሩ ውስጥ ይገቡ ነበር። ለሱ ለሲዩ 18 ፓች ወጥቶ ነበር፣ አንቺ ግን ምንም አልተጫነበትም እያልሽ ነው። ከሱ ቀጥሎ በዛው ዓመት ፕሮክሲሼል የሚባል ሌላ ቀዳዳ መጣ፣ የሱ ፓች ለሲዩ 19 እና 20 ነው የወጣው፣ ለ18 ጭራሽ አልወጣም። ያንቺ ሰርቨር ዌብሜይሉ ለውጭ ክፍት ሆኖ ይሄን ሁሉ ዓመት ከተቀመጠ የገባ ሰው የለም ብሎ መገመት አይቻልም፣ ገብቷል ብለሽ ተነሽና የለም የሚለውን በማስረጃ አረጋግጪ። እነዚ ሰዎች ከተማ መርጠው አይደለም ሚመጡት፣ ማሽን ነው ኢንተርኔቱን እያሰሰ ክፍት ያገኘውን የሚመዘግበው፣ ጎንደር ሆነ አዲስ አበባ ለሱ ቁጥር ነው።

አሁን ከመጫን በፊት እነዚን እይልኝ። አይአይኤሱ ስር ያለው ኤኤስፒኔት ክላየንት የሚባለው ፎልደርና የኤክስቼንጁ የዌብሜይል መግቢያ ገጽ ያለበት ፎልደር ውስጥ ስሙ የማይገባሽ የኤኤስፒኤክስ ፋይል ካለ፣ የተፈጠረበትን ቀን እይው። የሜይልቦክስ ኤክስፖርት ጥያቄ ማንም ሳይጠይቅ ተመዝግቦ ከሆነ፣ ፕሮክሲሼል ፋይሉን ሰርቨሩ ላይ የሚጽፈው በሱ አማካኝነት ነው። አድሚን ግሩፕ ውስጥ የማታውቂው አካውንት፣ ታስክ ስኬጁለር ውስጥ የማታውቂው ስራ። ማይክሮሶፍት በነጻ የሚሰጠውን ሄልዝ ቸከር የሚባለውን ስክሪፕትም አስኪጂው፣ የጎደለውን ፓች በቀይ ያሳይሻል።

ከሁሉ በላይ ግን የሜይልቦክሶቹን ሩል (ደብዳቤ ሲገባ ራሱ የሚፈጸም ትእዛዝ) እይ፣ የያንዳንዱን። ሜይልቦክስ ሲዛወር ሩሉም አብሮ ነው ሚሄደው። ሰርቨሩ አዲስ፣ ዊንዶውሱ አዲስ፣ ፓቹ ሙሉ ሆኖ ሌባው የተከለው ሩል ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቅሻል። እናንተ ደሞ ላኪ ናችሁ፣ ከገዢ ጋር ስለ ክፍያ ነው ምትጻጻፉት፣ እንደዚ አይነት ድርጅት ላይ የሚሰሩት ሌቦች ሜይልቦክሱን አያበላሹም፣ ዝም ብለው ያነባሉ፣ ክፍያ ሊፈጸም ሲል የባንክ ሂሳብ ቁጥሩን ቀይረው ለገዢው ይልካሉ፣ የገዢው መልስ ደሞ በሩል ተጠልፎ ማንም የማይከፍተው አርኤስኤስ የሚባል ፎልደር ውስጥ ይገባል፣ ሰራተኛው አያየውም። እቃው ከጅቡቲ ወጥቶ ብሩ ሌላ አገር ይገባል።


አዘዞ 33፦

ጋሼ ልክ ብለዋል፣ ዓይኔ ስር ነው ያለፈው። የማራኪዋ፣ ፍተሻው እስኪያልቅ 443ን ለውጭ ዝጊና ሰው በቪፒኤን ይግባ። ደብዳቤ የሚገባበት ፖርት 25 ብቻ ክፍት ይሁን፣ ደብዳቤ ይመጣል ይሄዳል።


ላይ አርማጭሆ፦

ስካነሮቹን አትርሻቸው። ማንም የማያስታውሳቸው ግን ኢሜይል የሚልኩ እቃዎች አሉ፣ ስካነር፣ የሂሳብ ሶፍትዌር፣ የዩፒኤስ ማንቂያ፣ የካሜራው ሪከርደር፣ ሁሉም የአሮጌውን ሰርቨር አይፒ ነው የተጻፈባቸው። የአሮጌው የመቀበያ ኮኔክተር (ከማን ደብዳቤ እንደሚቀበል የሚወስነው ቅንብር) ወደ አዲሱ ራሱን አይገለብጥም፣ አንቺ ነሽ እንደገና ምትሰሪው። የትኛው እቃ እንደሚልክ ለማወቅ ሰውን እየዞርሽ አትጠይቂ፣ ማንም አያውቀውም፣ የኮኔክተሩን ፕሮቶኮል ሎግ ክፈቺና ለተወሰነ ጊዜ ተይው፣ የወር መጨረሻ ቢያካትት ይሻላል ምክንያቱም የደመወዝ ሲስተሙ ያኔ ብቻ ሊልክ ይችላል። ከሎጉ የአይፒ ዝርዝሩ ይወጣልሻል።

አዲሱ ላይ ስትሰሪው እነዛን አይፒዎች ብቻ ፍቀጂ እንጂ ኔትወርኩን በሙሉ አትክፈቺው። አንድ ቫይረስ የገባበት ላፕቶፕ በሱ በኩል ስፓም ልኮ አይፒያችሁ ጥቁር መዝገብ ላይ ከወጣ ለገዢ የምትልኩት ሁሉ ይመለሳል። ሌላው፣ አዲሱ ሰርቨር ወደ ውጭ ሲወጣ በአሮጌው ፐብሊክ አይፒ መውጣቱን ፋየርዎሉ ላይ አረጋግጪ፣ በሌላ አይፒ ከወጣ ኤስፒኤፉም (በስማችሁ መላክ የተፈቀደላቸው አይፒዎች መዝገብ) አይገጥምም፣ ከቴሌ ያስመዘገባችሁት የሪቨርስ ዲኤንኤስ ስምም አይገጥምም፣ ጂሜይል እሱን አይቶ ወይ ይመልሰዋል ወይ ስፓም ውስጥ ይከተዋል። ጉግልና ያሁ በፈረንጆቹ ከ2024 ወዲህ በዚ ነገር ጥብቅ ሆነዋል። ኤክስቼንጅ ራሱ የዲኬአይኤም ፊርማ (ደብዳቤው ከናንተ ዶሜይን መሆኑን የሚያረጋግጥ) አይሰራም፣ ነጻ የሆነ ተጨማሪ መጫኛ አለለት፣ እሱን እዚሁ አጋጣሚ ላይ ብትጨምሪው ጥሩ ነው።


የማራኪዋ አይቲ፦

ጋሼ ጉዛራ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው ምጽፈው። ያሉኝን ሁሉ አየሁ። የኤኤስፒኤክስ ፋይል የሚያጠራጥር አላገኘሁም፣ ኤክስፖርት ጥያቄም የለም፣ አድሚን ግሩፑም እኛው ነን። ግን የሁሉንም ሜይልቦክስ ሩል በስክሪፕት ሳወጣ ኤክስፖርት ክፍል ካለ የአንድ ሰራተኛ ሜይልቦክስ ውስጥ ስሙ አንዲት ነጥብ ብቻ የሆነ ሩል አገኘሁ፣ ከሁለት ገዢዎች የሚመጣውን ደብዳቤ ወደማናውቀው የውጭ አድራሻ አስተላልፎ እዚህ ያለውን «የተነበበ» ብሎ አርኤስኤስ ፎልደር ውስጥ ይከተዋል። ልክ እርስዎ እንዳሉት። ሰራተኛው ምንም አያውቅም፣ አርኤስኤስ የሚባል ፎልደር መኖሩንም አያውቅም። አሁን ላጥፋው?


ጉዛራ፦

አይዞሽ ልጄ፣ በጊዜ ነው ያገኘሽው። እንዳለ ስክሪን ሾት አንሺው፣ ሩሉን ወደ ፋይል አውጭው፣ የአይአይኤስ ሎጉንና የመልእክት መከታተያ ሎጉን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጪ፣ እነሱ በየጊዜው እየተጠረጉ ስለሚሄዱ ነገ ላታገኚያቸው ትችያለሽ። ከዛ ሩሉን አጥፊ፣ የሰውየውን ይለፍ ቃል ቀይሪ፣ ከሜይልቦክሱ ጋር የተገናኘ የማታውቁት ስልክ ወይ ሌላ መሳሪያ ካለ አስወጪ።

ከቴክኒኩ በፊት ግን ዛሬውኑ አለቃሽ ጋ ግቢ። ሁለቱ ገዢዎች በኢሜይል ሳይሆን በስልክ፣ ያውም ከድሮ ውል ላይ ባለው ቁጥር መደወል አለባቸው፣ የሂሳብ ቁጥር ተቀይሯል የሚል ደብዳቤ ደርሷቸው እንደሆነ ይጠየቁ፣ ደርሷቸው ከሆነ ባንኩም ዛሬ መስማት አለበት። ኢንሳ ስር ያለው ኢትዮ ሰርትም እንዲህ ያለውን ሪፖርት ይቀበላል፣ አሳውቋቸው። ሎጉ ላይ ከየትኛው አይፒ እንደገባ ስታዪ ሰውየው ይለፍ ቃሉን በሐሰት ገጽ ላይ ጽፎት ይሁን ሰርቨሩ ራሱ ተሰብሮ ይሁን ይለይልሻል። ሰርቨሩ ከሆነ የአድሚኖቹ ይለፍ ቃል በሙሉ መቀየር አለበት፣ የአክቲቭ ዳይሬክተሪው የኬአርቢቲጂቲ አካውንትም (የመግቢያ ትኬቶቹን የሚፈርመው) በመሀሉ ጊዜ ሰጥተሽ ሁለቴ ይቀየር።


የማራኪዋ አይቲ፦

ተደወለ። አንደኛው ገዢ «አዲስ የሂሳብ ቁጥር» የሚል ደብዳቤ ደርሶት ፋይናንሱ ማረጋገጫ እየጠበቀ ነበር፣ አልከፈለም። ተመስገን። ሎጉ ላይ መግቢያው በዌብሜይል፣ በትክክለኛ ይለፍ ቃል ነው፣ ከውጭ አገር አይፒ፣ ስለዚ የሰውየው ይለፍ ቃል ነው የወጣው የሚመስለው፣ የአድሚኖቹንም ግን ቀይረናል። 443 ተዘግቷል፣ ሲዩ 23ም ከነ ፓቹ ገብቷል። አለቃችን አሁን «ጊዜ ውሰጂ» እያሉ ነው።

አሁን ወደ ማዛወሩ ልመለስና፣ አዲሱ ሰርቨር ላይ ለዳታቤዝ 2 ቴራ አለኝ፣ ለሎግ ግን 200 ጊጋ ነው የተመደበው፣ ይበቃል? መብራቱስ በመሀል ቢሄድ?


ጉዛራ፦

እግዚአብሔር ይመስገን። ሊወሰድ ጫፍ ላይ የደረሰ ገንዘብ ነው የተረፈላችሁ።

200 ጊጋው አይበቃም፣ በዚ መንገድ ካልሄድሽ። ሜይልቦክስ ስታዛውሪ አዲሱ ሰርቨር የሚቀበለውን ሁሉ መጀመሪያ ሎግ ላይ ይጽፈዋል፣ 700 ጊጋ ስታስገቢ ቢያንስ 700 ጊጋ ሎግ ይፈጠራል ማለት ነው። ዓርብ ማታ ሁሉንም ባንዴ ለቀሽ ብትተኚ ሌሊት ላይ ዲስኩ ይሞላል፣ ዲስኩ ሲሞላ ዳታቤዙ ራሱን ያወርዳል፣ ጠዋት የተዛወረው ሰው ሁሉ ኢሜይል የለውም። ስለዚ በየምሽቱ ከ80 እስከ 100 ጊጋ የሚሆን ሰው ብቻ አዛውሪ፣ ጠዋት ሙሉ ባክአፕ ይሂድ፣ ባክአፑ ሲያልቅ ሎጉ ራሱ ይጠረጋል። ሰርኩላር ሎጊንግ (ባክአፕ ሳይጠብቅ አሮጌውን ሎግ የሚጠርገውን) አብሪና ባንዴ ልቀቂው የሚልሽ ይኖራል፣ ይሰራል፣ ግን በዛ ሌሊት ዳታቤዙ ቢበላሽ ከመጨረሻው ባክአፕ ወዲህ ያለው የለም። መብራት እንደኛ በሚቆራረጥበት ቦታ እኔ አልመክረውም።

ባክአፕ ስልሽ ኤክስቼንጁን የሚያውቅ ባክአፕ ማለቴ ነው፣ ከዊንዶውሱ ጋር የሚመጣው የዊንዶውስ ሰርቨር ባክአፕ በቪኤስኤስ ሙሉ ባክአፕ ላይ ከተደረገ ይበቃል። የቨርቹዋል ማሽን ስናፕሾት ባክአፕ አይደለም። ደሞ ከመጀመርሽ በፊት አንድ ሜይልቦክስ ከባክአፑ መልሰሽ አውጪና ክፈችው፣ ያልተሞከረ ባክአፕ እንዳለ አይቆጠርም።

መብራት ላይ፣ ኤክስቼንጅ ሲዘጋ ደቂቃዎች ይወስዳል፣ ስለዚ ዩፒኤሱ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሳይሆን ግማሽ ላይ ሳለ ሰርቨሩን እንዲዘጋ አርጊው፣ ጄነሬተሩ ተነስቶ ካረጋጋ አይዘጋም። ድንገት ቢጠፋብሽም አትደንግጪ፣ ሲነሳ ከሎጉ ላይ ያልተጻፈውን ራሱ ያስተካክላል። ቸኩለሽ ኢኤስኢዩቲል የሚባለውን የዳታቤዝ መሳሪያ በጥገና ትእዛዙ እንዳታስኪጂ፣ እሱ ያልገባውን ገጽ ቆርጦ ነው ሚጥለው፣ የመጨረሻ መጨረሻ ነው።

ጊዜውን በተመለከተ ከጥምቀት በኋላ አርጊው። የከተራ ሰሞን ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ የሞባይል ኔትወርኩም ይጨናነቃል፣ ፒያሳ ዲስክ ወይ የኔትወርክ ካርድ የሚሸጥ ሱቅ ተከፍቶ አታገኚም፣ ያ ረዳትሽም ታቦት ሊያጅብ ይሄዳል፣ መብቱም ነው።


ከባሕር ዳር፦

ጋሼ ይቅርታ እኔ እዚ ላይ አልስማማም፣ ድጋፉ ጥቅምት ላይ ያለቀ ሰርቨር እስከ ጥር አጋማሽ ማቆየት አደጋ አለው። አዲሱን አሁን ይጫን፣ ሰርተፊኬቱና ኦቶዲስከቨሩ ይስተካከል፣ አይቲ ክፍሉና ጥቂት ፈቃደኛ ሰዎች ይዛወሩ፣ ሲሰራ ይታይ፣ ብዙሃኑ ከጥምቀት በኋላ ይሂድ። ፈቃደኞቹን ስትመርጪ ግን አንድ የስልክ ተጠቃሚ፣ አንድ የቅርንጫፍ ሰው፣ አንድ የተጋራ ካሌንደር የሚጠቀም ጸሐፊ ይኑርበት፣ ችግሩ ሚወጣው ከነሱ ነው። ጸሐፊዋና አለቃዋ ደሞ ባንድ ምሽት ይዛወሩ፣ አንዱ እዚ አንዱ እዛ ሲሆኑ የሌላን ሰው ሜይልቦክስ መክፈት ላይ አንዳንዴ ያስቸግራል።


ጉዛራ፦

ይሄ ጥሩ ነው፣ ተስማምቻለሁ። 443ቱ ከተዘጋ አደጋውም ቀንሷል።


አዘዞ 33፦

ሁለት ነገር ልጨምርና ልውጣ። የሲስተም ሜይልቦክሶቹን፣ አርቢትሬሽን የሚባሉትን፣ ከተጠቃሚዎቹ በፊት አዛውሪ፣ በተራው ዝርዝር ውስጥ ስለማይታዩ ብዙ ሰው ይረሳቸዋል። ሁለተኛ፣ ኤክስቴንድድ ፕሮቴክሽን የሚባለው የመግቢያ ጥበቃ አዲሱ ላይ ሲጫን ጀምሮ በርቶ ነው ሚመጣው፣ ከፊት ለፊቱ ኤስኤስኤልን የሚፈታ ፕሮክሲ ካላችሁ ፕሮክሲውም ኤክስቼንጁም አንድ አይነት ሰርተፊኬት ካልያዙ ሰው ይለፍ ቃል ደጋግሞ ይጠየቃል፣ ይለፍ ቃሉ የተሳሳተ መስሎሽ ስትቀያይሪ እንዳትውይ።


የማራኪዋ አይቲ፦

ፕሮክሲ የለንም፣ ቀጥታ ነው። የከባሕር ዳርን ይዘናል፣ አዲሱ ዊንዶውስ ሰርቨር 2022 ላይ በዚ ሳምንት ዓርብ ማታ ይጫናል፣ እኛ ሁለታችንና የመተማው ልጅ ቀድመን እንዛወራለን፣ የኤክስፖርት ክፍሉ መጨረሻ ላይ። የስካነሮቹ ሎግም ከትናንት ጀምሮ እየተመዘገበ ነው፣ እስካሁንም የማናውቀው አንድ እቃ ወጥቷል፣ መጋዘን ያለው የሚዛን ኮምፒውተር ነው፣ በየማታው የጭነት ሪፖርት ለራሱ ለመጋዘን ኃላፊው ይልካል።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፣ ሁሉም ከተዛወረ በኋላ አሮጌውን ማጥፋት ብቻ በቂ ነው ወይስ?


አዘዞ 33፦

ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ ቨርቹዋል ማሽኑን ሰርዞ መሄድም አይሆንም፣ አክቲቭ ዳይሬክተሪው ውስጥ ስሙ ቀርቶ አዲሱ ሰርቨር ከሞተ ሰርቨር ጋር ሊያወራ ይሞክራል። መጀመሪያ ዝም ብለሽ አጥፊውና ለተወሰነ ጊዜ ይቀመጥ፣ የወር መጨረሻው ይለፍበት፣ «እገሌ የሚባለው እቃ መላክ አቆመ» የሚል ሰው ይምጣ። ካልመጣ አብሪውና ከላኪ ኮኔክተሩ ላይ ስሙን አውጪ፣ ዳታቤዙ ውስጥ የቀረ ሜይልቦክስ፣ አርካይቭም አርቢትሬሽንም እንደሌለ እይ፣ ከዛ በራሱ ሴትአፕ አንኢንስቶል አርጊው። የቀረ ነገር ካለ ራሱ አላራግፍም ብሎ ምክንያቱን ይነግርሻል። እሱ ሲያልቅ የአሮጌውን የውስጥ አይፒ ለአዲሱ እንደ ተጨማሪ አድራሻ ስጪው፣ የሚዛኑ ኮምፒውተር የተጻፈበትን ሳትነኪበት መላኩን ይቀጥላል።